ከመስመሩ ወዲህ
በልጆች ጨዋታ ዳር ስለሚታየው ጠባይና ጠባዩን ስለሚያደፋፍሩት አፈ ታሪኮች
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጆች በመረጥሁት ርእስ እንድናገር በጋበዙኝ ጊዜ፣ ብዙዎቻችሁ ስለ ድልድይ ወይም ስለ መስኖ እንደምናገር ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። እኔ ግን የመረጥሁት ከሙያችን የራቀ የሚመስለውን፣ ነገር ግን በየሳምንቱ መጨረሻ ብዙዎቻችንን በእግራችን አቁሞ የሚያስጮኸንን ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ልጆች በሚጫወቱበት ሜዳ ዳር የምንቆም አዋቂዎች የምናሳየው ጠባይ ነው። ሜዳ ሲዘጋጅ ማዕዘኑ ይለካል፤ ኖራም ይሰመራል። ከመስመሩ ወዲያ ያለው ስፍራ ሕግ አለው፤ ዳኛም አለው። ከመስመሩ ወዲህ ላለው ግን ንድፍ ያወጣለት የለም። ዛሬ የምናገረው ንድፍ ስላልወጣለት ስለዚሁ ስፍራ ነው።

ምሳሌዎቼን በይበልጥ የምወስደው ከሐይቅና ከአምባሰል ነው። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከሐይቅ ከተማ አንሥቶ እስከ ውጫሌ ድረስ ባለው አገር፣ ልጆች ጠፍጣፋ መሬት ባገኙበት ሁሉ ኳስ ሲያንከባልሉ ይውላሉ። የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ልጅ በአንድ ቡድን ይሰለፋል፤ ጎረቤትም ወጥቶ ያያል። የምናገረው ነገር በሌላው የአገራችን ክፍል ስለማይገኝ ሳይሆን፣ የዚህ አካባቢ ሰው የሚተርካቸው ታሪኮች ለነገሩ የተሻለ ማስረጃ ስለሚሰጡኝ ነው።

ስለ ሐይቁ አፈጣጠር የሚነገረውን አፈ ታሪክ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ግፍ ተፈጸመባት፤ ፈጣሪም ተቆጥቶ ሴቲቱ ከተቀመጠችበት ስፍራ በቀር ዙሪያውን ወደ ውኃ ለወጠው፤ ልዕልቲቱም ከወዳጅ ዘመዶቿ ጋር ጠፋች ይባላል። ሴቲቱ የተቀመጠችበት መሬት ደሴት ሆኖ ቀረ፤ በኋላም በ13ኛው መቶ ዓመት በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ስሙ የገነነው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኝበት ስፍራ ሆነ። የሥነ ምድር ሊቃውንት ስለ ሐይቁ አመጣጥ የሚሰጡት ትንተና ሌላ ነው። ዳሩ ግን በተረቱ ውስጥ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። ግፉን የፈጸመችው አንዲት ሴት ስትሆን፣ ውኃው የወሰደው አጠገቧ የነበሩትንም ጭምር ነው። ተረቱን ያቆዩልን አባቶችና እናቶች፣ ግፍ ሲፈጸም ዳር ቆሞ ያየ ሰው ከነገሩ ነጻ አለመሆኑን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ተረት እንዳለ ለይቼ ልናገር። አንዱ ዓይነት እውነትን በምሳሌ ሸፍኖ የሚያስተምር ነው፤ የሐይቁ ተረት እንዲህ ያለ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ግን የራሳችንን ጥፋት ሸፍኖ የሚያስተኛን ነው። በሜዳ ዳር የሚነገሩት አብዛኞቹ ከሁለተኛው ወገን ናቸው። አንድ በአንድ እንድንመረምራቸው እለምናችኋለሁ።

በመጀመሪያ የሁሉም አባት ከሆነው ከገና ጨዋታ ልነሣ። የክርስቶስን መወለድ የሰሙ እረኞች በደስታ በበትራቸው እንደ ተጫወቱና ጨዋታው ከዚያ እንደ መጣ ይተረካል። ጫፉ በቆለመመ ዱላ ሩሯን እየመቱ ወደ ተቃራኒው ወገን ማሳለፍ የጨዋታው ፍሬ ነገር ነው። ጥንት የተጫዋቹ ቁጥርም ሆነ የሜዳው ስፋት የተወሰነ አልነበረም፤ መንደር ከመንደር ይገጥም ነበር፤ ያሸነፈውም ወገን የተሸነፈውን በግጥም ያንጓጥጠው ነበር። በዚህ ጨዋታ ጌታ እንደማይቆጣ የሚናገረውን ብሂል የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ዛሬ ታዲያ በሜዳ ዳር የሚሳደብ ሰው ሲወቀስ፣ ይህንኑ ብሂል ጠቅሶ «ጨዋታ አይደለም እንዴ፤ ምን ያስቆጣል?» ሲል ይሰማል። ይህ ግን ብሂሉን ገልብጦ ማንበብ ነው። ብሂሉ ትእዛዝ የሚሰጠው ለጌታው ነው እንጂ ለተሳዳቢው ፈቃድ የሚሰጥ አይደለም። ኃይልና ማዕረግ ያለው ሰው ወደ ጨዋታ ሲገባ ቁጣውን ከሜዳው ውጭ ትቶ እንዲገባ ያዝዘዋል። በልጆች ጨዋታ ዳር ኃይልና ማዕረግ ያለው ማን ነው? አባት ነው፤ አሠልጣኝ ነው፤ እኛው ነን። እንግዲህ በብሂሉ መሠረት እንዳይቆጣ የታዘዘው አዋቂው ነው፤ ያንጓጥጥ ዘንድ የተፈቀደለት ግን ታናሹ ነበር። እኛ ነገሩን ገልብጠን፣ ታላቁ ተቆጭና ተሳዳቢ፣ ታናሹ ቻይ እንዲሆን አድርገናል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በአየርላንድ ሀርሊንግ የሚባል፣ ገናን በእጅጉ የሚመስል የዱላና የኳስ ጨዋታ አለ። የእነርሱም ጨዋታ አፈ ታሪክ አለው፤ ሰታንታ የተባለው ብላቴና በዱላውና በኳሱ ኃይለኛውን ውሻ ገድሎ፣ በውሻው ምትክ ጠባቂ ለመሆን በመግባቱ ኩኹሊን፣ ማለትም የኩላን ውሻ፣ የሚለውን ስም አገኘ ይላሉ። ይህንና ሌሎች ያገሩን ጨዋታዎች የሚያስተዳድረው የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1884 ተርልስ በተባለች ከተማ የተቋቋመ ሲሆን፣ ተጫዋቾቹ እስከ ዛሬ ደመወዝ አይከፈላቸውም። ሀርሊንግ እ.ኤ.አ. በ2018 በዩኔስኮ መዝገብ ከሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች ጋር ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ ማኅበሩ ቅርስነቱና ጀግናው ተረት ብቻ ልጆችን እንደማይጠብቁ ተረድቷል። ከእ.ኤ.አ. 2010 መጀመሪያ አንሥቶ ሀርሊንግ ተጫዋች ሁሉ የራስ ቁር እንዲያደርግ ደንግጓል። ዕድሜያቸው እስከ 12 ዓመት ለሆኑ ልጆች ደግሞ በአነስተኛ ሜዳ፣ በጥቂት ተጫዋቾች፣ ሁሉም ልጅ ሙሉውን ጨዋታ የሚጫወትበትን ሥርዓት አውጥቷል። ለወላጅና ለአሠልጣኝም ክብር ሰጥቶ ክብር መቀበልን የሚያስተምር ዘመቻ ያካሂዳል። ልብ በሉ፤ የጀግናውን ተረት አልሻሩም፤ ተረቱ በሕፃን ጫንቃ ላይ እንዳይጫን ብቻ አጥር ሠሩለት።

አሁን ወደ ሜዳችን ዳር እንመለስ። ከሁሉ የተስፋፋው እምነት፣ ከዳር ሆኖ «ምታው! አቀብለው! ተመለስ!» እያሉ መጮህ ልጁን ይረዳዋል የሚለው ነው። እስቲ እንደ መሐንዲስ እናስላው። አዋቂው ነገሩን አይቶ፣ ወስኖ፣ ቃል እስኪያወጣ ድረስ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል ብለን እንገምት። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 40 ሜትር ርቆ ለሚገኝ ልጅ ለመድረስ ከአንድ ሴኮንድ አንድ ዐሥረኛ በጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይወስዳል። ልጁ ቃሉን ሰምቶና ተረድቶ እግሩን እስኪያንቀሳቅስ ሌላ ግማሽ ሴኮንድ ይሄዳል። ሲደመር ከአንድ ሴኮንድ በላይ ነው። በሴኮንድ 5 ሜትር የሚሮጥ ተከላካይ በዚህ ጊዜ ከ5 ሜትር በላይ ተጉዟል፤ ኳሷማ ከዚያም በላይ ርቃለች። ስለዚህ ትእዛዙ ሲደርስ የታዘዘበት ሁኔታ አልፏል። ዘግይቶ የሚደርስ ምልክት አንድን መሣሪያ እንደማያረጋጋው፣ ይልቁንም ወዲያና ወዲህ እንደሚያወዛውዘው፣ ከእናንተ መካከል የመቆጣጠሪያ ምሕንድስና የተማረ ሁሉ ያውቃል። ልጁም እንዲሁ ይወዛወዛል። በዚያ ላይ አባት በአንድ ወገን «ምታው!» ሲል አሠልጣኝ በሌላ ወገን «ያዘው!» ይላል፤ ልጁም ዓይኑን ከኳሷ አንሥቶ ወደ ዳር ማየት ይጀምራል። ወደ ዳር የሚያይ ልጅ ደግሞ ጨዋታን አይማርም፤ የሚማረው ፊት ማንበብን ነው።

የቃልም ነገር አለ። በአምባሰል ምድር፣ በውጫሌ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው «ይቻላል» የሚል መንፈስ ሲኖረው፣ በኢጣሊያንኛው ግን «ግድ ነው» የሚል ነበር። የዚህ ልዩነት መጨረሻ አድዋ ላይ እንደ ታየ ታሪክ ይመሰክራል። በሜዳ ዳርም በየሳምንቱ እንዲህ ያለ ሁለት ትርጉም ያለው ውል ይፈረማል። አባት «ትችላለህ!» ይላል፤ ምክር የሰጠ ይመስለዋል። ልጁ ግን በአባቱ ድምፅ ውስጥ የሚሰማው «ካላገባህ ወዮልህ» የሚለውን ነው። በአንድ የልጆች ግጥሚያ መጨረሻ ላይ ዐሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ ወደ ታላቅ ወንድሙ ሮጦ የጠየቀውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «አሸነፍን?» አላለም። «አባዬ ተቆጣ?» ነው ያለው። አባትየው በዚያን ቀን አንድም የስድብ ቃል አልተናገረም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲያበረታታ ነበር።

ሁለተኛው እምነት በዐሥር ዓመቱ የበለጠ ልጅ በሃያ ዓመቱም ይበልጣል የሚለው ነው። በመስከረም የተወለደና በነሐሴ የተወለደ ልጅ በአንድ ዓመተ ምሕረት ቢቆጠሩም በመካከላቸው 11 ወር አለ፤ ይህም ለዐሥር ዓመት ልጅ የዕድሜው አንድ ዐሥረኛ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። በካናዳ የበረዶ ሆኪ ላይ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተደረገ ጥናት፣ ለታላላቅ የወጣት ቡድኖች የተመረጡት ልጆች በብዛት በዓመቱ የመጀመሪያ ወራት የተወለዱ መሆናቸውን አሳይቷል። ይኸውም መራጮቹ ተሰጥዎ አገኘን ሲሉ ያገኙት የልደት ወርን ነበር። እኛም ዘንድ ትልቁ ልጅ ይሰለፋል፤ ትንሹ ውኃ ያቀብላል፤ በሚቀጥለውም ዓመት ትንሹ አይመጣም። ከዚያ «ፍላጎት አልነበረውም» እንላለን። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. መገባደጃ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን ሲያሸንፍ 28 ዓመቱ ነበር፤ ማሞ ወልዴ በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ያንኑ ድል ሲደግም ከ35 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ሁለቱም በዐሥር ዓመታቸው ዋንጫ አምጡ ብሎ ያስጨነቃቸው ሰው አልነበረም።

ሦስተኛው እምነት «ዳኛው ሸጠን» የሚለው ነው። መለኪያን በሰያፍ ያነበበ ሰው የተሳሳተ ቁጥር እንደሚያይ ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልግም። ከጨዋታ ውጭ መሆን አለመሆንን ከተከላካዩ ትይዩ ሳይቆም የሚፈርድ ተመልካች የሚያየው ሰያፍ ነው። ከዓይን ይልቅ ግን ልብ ይበልጥ ሰያፍ ያያል። እ.ኤ.አ. በ1951 ዳርትማውዝና ፕሪንስተን የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ኮሌጆች ብዙ ጉዳት የደረሰበት ጨዋታ ካደረጉ በኋላ፣ ሐስቶርፍና ካንትሪል የተባሉ ተመራማሪዎች ያንኑ ፊልም ለሁለቱ ኮሌጆች ተማሪዎች አሳዩ። የፕሪንስተን ተማሪዎች በዳርትማውዝ ቡድን ላይ የቆጠሩት ጥፋት የዳርትማውዝ ተማሪዎች ከቆጠሩት ከእጥፍ በላይ ነበር። ፊልሙ አንድ፣ ጥፋቱም አንድ ነው፤ የተለየው ተመልካቹ ነው። የልጆችን ጨዋታ የሚዳኘው ብዙ ጊዜ ገና ጢሙ ያላበቀለ ወጣት ነው። በስድብ ካባረርነው ነገ የሚዳኝልን አይኖርም፤ የምናሳድገው ልጅም ፍርድ ሲጎዳው ፍርዱ የተገዛ ነው ብሎ የሚያምን ዜጋ ይሆናል።

አራተኛውና ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ፣ ስፖርት በራሱ ፍቅርን ያመጣል የሚለው ነው። በየመክፈቻው ንግግር ይህን እንሰማለን። እውነቱ ግን ስፖርት የተዘራበትን ያበቅላል። በኅዳር ወር 2010 ዓ.ም. ከእኛ ብዙም በማትርቀው በወልድያ፣ የወልድያና የመቀሌ ቡድኖች ሊገናኙ በነበረበት ወቅት በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ቀጥሎም የአማራና የትግራይ ክለቦች በየሜዳቸው መገናኘት ተስኗቸው ጨዋታቸው በገለልተኛ ሜዳ እንዲካሄድ ግድ ሆነ። ጦርነቱን ያመጣው ኳስ ነው አልልም፤ እንዲህ ያለ አባባል ሌላ ተረት ይሆናል። ነገር ግን በሜዳ ዳር የተለመደ ስድብ ከሜዳ ውጭ ለሚመጣው ጥላቻ አፍ ማሟሻ ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅንና ውጫሌን አቋርጦ አልፏል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም ክልላችን በሌላ ግጭት ተፈትኗል። ዛሬ በሜዳው የሚሮጠው የዐሥር ዓመት ልጅ ተኩስ የሰማ ልጅ ነው። ይህ ልጅ የአዋቂን ጩኸት የሚሰማው እኛ በእርሱ ዕድሜ እንሰማው እንደ ነበረው አይደለም። የሐይቅ ውኃ መፍሰሻ የለውም፤ ወደ ውስጡ የገባው እዚያው ይጠራቀማል። የልጅ ልብም ከዚህ እጅግ የራቀ አይመስለኝም።

«ታዲያ ዝም እንበልን?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ወሎን ዝም በል ማለት፣ ያውም በስሙ ቅኝት የተሰየመለትን አምባሰልን፣ የማይሆን ነገር ነው። ይዘፈን፤ ይጨብጨብ፤ እልልታም ይሁን። ጥሩ ላደረገ ልጅ፣ የተቃራኒውም ቡድን ልጅ ቢሆን፣ ስሙን ጠርቶ ማመስገን ያምራል። የምለየው ደስታን ከትእዛዝ ነው። ደስታ ልጁን ወደ ጨዋታው ይመልሰዋል፤ ትእዛዝ ግን ጨዋታውን ከእጁ ይወስድበታል።

ሙያችን ችግርን ተናግሮ መቀመጥን ስለማይፈቅድ፣ አራት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ለመስመሩ ወዲህ ንድፍ እናውጣለት። ለልጆች የሚሆን 60 ሜትር በ40 ሜትር ሜዳ ከመስመሩ 2 ሜትር ወደ ኋላ በገመድ ቢከበብ፣ የሚያስፈልገው 216 ሜትር ገመድና በየ4 ሜትሩ የሚተከል 54 ችካል ነው። ተመልካች በአንድ ወገን፣ ተጠባባቂ ልጆችና አሠልጣኞች በሌላው ወገን ይሁኑ። ሁለት ሜትር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በዳኛው ጀርባ ላይ የሚተነፍስ ሰው እንዳይኖር ያደርጋል። ሁለተኛ፣ ከ12 ዓመት በታች ባሉት ዘንድ የደረጃ ሠንጠረዥ አይዘጋጅ፤ የመጣ ልጅ ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ይጫወት።

ሦስተኛ፣ የራሳችን ሥርዓት እያለን ከሩቅ አንበደር። በወሎ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚያከብራቸው አበጋሮች አሉ። የደም ነገር የሚያበርድ አባት የኳስ ነገር ማብረድ አይሳነውም። ጨዋታው ሲጀመር መርቆ የሚከፍት፣ ከዳር ቆሞ የሚሳደበውን ሰው በስሙ ጠርቶ «ተው ልጄ» የሚል አንድ ሽማግሌ በየሜዳው ቢቀመጥ፣ ከቀይ ካርድ የበለጠ ይሠራል፤ ምክንያቱም ካርድ የሚያስወጣው ተጫዋችን ሲሆን፣ የሽማግሌ ቃል ግን ተመልካችንም ያሳፍራል። አራተኛ፣ ገናን ለልጆቻችን እንመልስላቸው። ጨዋታው ዛሬ ከገበጣ፣ ከትግልና ከፈረስ ጉግስ ጋር በባህል ስፖርቶች ውድድር ደንብ ተበጅቶለታል። ለልጆች በለስላሳ ሩርና በቀላል ዱላ፣ ራስን በሚጠብቅ ቁር ቢዘጋጅ፣ ጨዋታውን ከነብሂሉ ይማሩታል። ብሂሉን ግን በቅድሚያ መማር የሚገባን እኛ ነን።

ይድነቃቸው ተሰማ በተጫዋችነት ጀምሮ አገራችን በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አሠልጣኝ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ አገልግሏል። እንዲህ ያለ ሰው ከየትኛው መንደር እንደሚወጣ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ከሐይቅ ይወጣ ይሆናል፤ ከውጫሌ ይወጣ ይሆናል፤ ወይም ጨርሶ አይወጣ ይሆናል። ባይወጣም እንኳ በአንድ ቡድን የተጫወቱ፣ ሽንፈትን የቻሉ፣ የዳኛን ፍርድ የተቀበሉ ልጆች ከወጡልን፣ ሜዳው ዋጋውን ከፍሏል።

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፤ ይህ ማኅበር ለትልልቅ ሥራዎች የሚሆን ገንዘብ ላይኖረው ይችላል። ለ216 ሜትር ገመድና ለ54 ችካል ግን አያንስም። የሚቀጥለው የገና በዓል ከመድረሱ አስቀድሞ በሐይቅ አንድ፣ በውጫሌ አንድ ሜዳ ከነዳሩ አዘጋጅተን ብናስረክብ፣ በሁለቱም ሜዳዎች የመጀመሪያዎቹ ከገመዱ ወዲህ የሚቆሙ ሰዎች እኛው ብንሆን መልካም ነው እላለሁ።